የመጠጥ ሕመምተኛው ስንት ነው? ቁጥሩ ከጣሳው ይጀምራል

በጉራጌ ምድር አጎራባች በሆኑ ሁለት የገጠር አካባቢዎች፣ ማለትም በቡታጅራ ዙሪያና በሶዶ ወረዳ፣ በተለያየ ጊዜ የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ስለ መጠጥ ችግር በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሞ የወጣው የቡታጅራው ጥናት 10,468 አዋቂዎችን ጠይቆ አጠጣጣቸው ችግር ያለበት ሆኖ የተገኙት ከመቶ 3.7 መሆናቸውን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሶዶው ጥናት ደግሞ 1,500 ያህል አዋቂዎችን ጠይቆ ከመቶ 13.9 አገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የመጠጥ ችግር በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አድጓል ወደሚል መደምደሚያ ሊቸኩል ይችላል። እንዲህ ያለው አባባል በስብሰባም ላይ ሆነ በወሬ መሐል ጆሮ የሚስብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ጥናቶች የተጠቀሙበት መመዘኛ አንድ አልነበረም። አንዱን ማሳ በክንድ፣ ሌላውን በሜትር ለክቶ የቁጥሮቹን ብልጫ ማስላት እንደማይቻል ሁሉ፣ የእነዚህንም ጥናቶች ውጤት እንዲሁ በቀጥታ ማበላለጥ አይቻልም።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። ግን አይደለም። በአገር ደረጃ የመጠጥ ሕመምተኛው ስንት እንደሆነ የሚነገረው ቁጥር ስንት የጤና ባለሙያ እንደሚሠለጥን፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንደሚደርሰው፣ በጀቱም ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስን ነው። ቁጥሩ ከልክ በላይ ከገነነ ያለው አነስተኛ አቅም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ላይ ይባክናል። ካነሰ ደግሞ ቤተሰቡ የፈረሰበት፣ በሬውን የሸጠው ገበሬ ከቁጥርም ከዕቅድም ውጭ ይሆናል።

ሁለት መመዘኛ፣ ሁለት ቁጥር

የቡታጅራው ጥናት የተጠቀመበት መመዘኛ በባለሙያዎች ዘንድ ኬጅ የሚባለው ነው። አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሉት። ሰውዬው መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብሎ አስቦ እንደሆነ፣ ሰዎች ስለ አጠጣጡ ሲናገሩት ተበሳጭቶ እንደሆነ፣ በመጠጣቱ ጸጸት ተሰምቶት እንደሆነ፣ ጧት ከእንቅልፉ ሲነሣ ሰውነቱን ለማጽናት ጠጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ከአራቱ ለሁለቱ አዎን ያለ ሰው ችግር ያለበት ተብሎ ይያዛል። ኬጅ የጠጣውን መጠን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጠጪውን ኅሊናና የሰውነቱን ሁኔታ ነው።

የሶዶው ጥናት የተጠቀመበት ኦዲት ይባላል። ስሙ ከሒሳብ ምርመራ ጋር ቢመሳሰልም የዓለም የጤና ድርጅት ኬንያን ጨምሮ በስድስት አገሮች አስጠንቶ ያዘጋጀው መመዘኛ ነው። ጥያቄዎቹ አሥር ሲሆኑ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ አርባ ይደርሳል። ሦስቱ ጥያቄዎች ሰውየው ስንት ጊዜና ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ሦስቱ በመጠጥ መጠመዱን የሚያሳዩ ምልክቶችን፣ አራቱ ደግሞ የደረሰውን ጉዳት የሚመለከቱ ናቸው። ስምንትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘ ሰው በሶዶው ቁጥር ውስጥ ገብቷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስምንት ነጥብ ያገኙት ሁሉ በሽተኞች አይደሉም። ከመካከላቸው ገና ያልታመሙ፣ ነገር ግን በአጠጣጣቸው ለጉዳት የተጋለጡ ብዙ ሰዎች አሉ። የነጥቡ ድምር ወደ አሥራ ስድስትና ወደ ሃያ ከፍ ሲል ነው መጠጥ የተቆራኘውን ሰው ማግኘት የሚቻለው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው መጠጣት፣ ሁለተኛው ለጉዳት የሚያጋልጥ አጠጣጥ፣ ሦስተኛው የመጠጥ ሕመም ነው። ሕመሙን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መምሪያ አሥራ አንድ ምልክቶችን ዘርዝሮ፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ የታዩበትን ሰው ሕመምተኛ ይለዋል። ከምልክቶቹ ውስጥ ከታሰበው በላይ መጠጣት፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ሥራንና ቤተሰብን መበደል፣ መጠጡ ሲቋረጥ መንቀጥቀጥ ይገኙበታል።

በአጭር ጥያቄ ብቻ ሕመምን መቁጠር ሌላም ችግር አለው። ለአብነት ያህል ከአንድ ሺህ ሰዎች ውስጥ በእውነት የታመሙት ሃያ ናቸው እንበል። መመዘኛው ከሃያው አሥራ ስምንቱን ቢይዝ እጅግ ጥሩ ነው ይባላል። ጤነኞቹን ግን ከመቶ አምስቱን በስሕተት ሕመምተኛ ቢል፣ ከ980ዎቹ ጤነኞች 49ኙ በመዝገቡ ይገባሉ። ድምሩ 67 ይሆናል። ከመቶ 2 የነበረው ሕመም ከመቶ 6.7 ሆነ ማለት ነው። ከተመዘገቡትም ውስጥ አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ሕመሙ አነስተኛ በሆነበት ሕዝብ መካከል ጥቂት የምትመስል ስሕተት ቁጥሩን ከሦስት እጥፍ በላይ ታሳድገዋለች።

ጣሳው ስንት ይይዛል?

ኦዲትን የመሰሉ መመዘኛዎች «በአንድ ቀን ስንት ትጠጣለህ?» ብለው ሲጠይቁ የሚያስቡት አንድ የተወሰነ መስፈሪያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መስፈሪያ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ መጠጥ ነው። በፋብሪካ የሚጠመቀውን ቢራ በዚህ መስፈር አያስቸግርም። ከመቶ አምስት እጅ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ነው፤ መጠኑም ላዩ ላይ ተጽፏል።

የገጠሩ ሕዝብ የሚጠጣው ግን በአብዛኛው ቤት ውስጥ የተጠመቀውን ነው። ጠላ ከቤት ቤት፣ ከጋን ጋን ይለያያል። የብቅሉና የጌሾው መጠን፣ ድፍድፉ የቆየበት ጊዜ፣ በላዩ የተጨመረው ውኃ ኃይሉን ይለውጠዋል። ቀጭኑ ጠላ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል አልኮል ሲኖረው ወፍራሙና የተጣራው ስድስት እጅ ሊደርስ ይችላል። አረቄም እንደዚሁ ነው፤ ተራው አረቄና ዳግም የወጣው እኩል አይደሉም። ዳግሙ ከመቶ 45 እጅ ገደማ ይደርሳል። መጠጫውም አንድ አይደለም። ዋንጫው፣ ጣሳው፣ ቅሉ፣ ብርሌው፣ መለኪያው እንደየአገሩና እንደየቤቱ ነው።

ይህ ልዩነት በሒሳብ ምን እንደሚያስከትል እንመልከት። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ባለ ሁለት እጅ ጠላ ሲቀዳበት የሚኖረው ንጹሕ አልኮል 8 ግራም ያህል ነው። ባለ ስድስት እጁ ሲቀዳበት ግን 24 ግራም ይጠጋል። ጣሳው አንድ ሆኖ ሳለ ይዘቱ ሦስት እጥፍ ነው። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ ዳግም አረቄ ደግሞ 14 ግራም ያህል አለው።

በጥናቶች ዘንድ በአንድ ቀን ስድስት መስፈሪያ፣ ማለትም 60 ግራም፣ የጠጣ ሰው ከባድ ጠጪ ተብሎ ይመዘገባል። እንግዲህ አንድ ገበሬ በገበያ ቀን አምስት መለኪያ አረቄ ጠጣሁ ቢል ጠያቂው «አምስት» ብሎ ይጽፋል። ስድስት ስላልሞላ ከከባድ ጠጪ አይቆጠርም። የጠጣው ግን 70 ግራም ያህል ነው። አንዲት ሴት በደቦ ቀን ሰባት ጣሳ ቀጭን ጠላ ጠጣሁ ብትል ደግሞ «ሰባት» ተብሎ ይጻፍና ከባድ ጠጪ ትባላለች። የጠጣችው ግን 60 ግራም አልሞላም። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለቱም በተሳሳተ ቦታ ገቡ ማለት ነው። አረቄ በሚበዛበት አገር ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቀጭን ጠላ በሚበዛበት አገር ይወጣል።

በፋብሪካ ሽያጭና በቀረጥ ሰነድ የአገርን አጠጣጥ ለመገመት የሚሞከረውም በዚሁ ምክንያት ጎደሎ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢና በአርሲ ነገሌ የሚወጣው አረቄ ገበያውን ቢያጥለቀልቅም አብዛኛው በቀረጥ መዝገብ ላይ አይታይም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። የመንደሩ አረቄ ግን ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ጠርሙሱም የሌላ ነው።

ማን ተጠየቀ? መቼ? በማን ፊት?

ጥያቄው ትክክል ሆኖ መስፈሪያውም ቢስተካከል እንኳ መልሱን የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። የአገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ቀበሌዎች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ከቀበሌው ቤቶች፣ ከቤቱም አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን መጠጥ የጎዳው ሰው በብዛት ቤቱ የማይገኝ ነው። ጠያቂው በቀን ሲመጣ አረቄ ቤት ያለው፣ ከቤተሰቡ ተለያይቶ በቀን ሠራተኛነት የተሰደደው፣ በወህኒ ያለው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያድረው ከዕጣው ውጭ ነው።

ወራቱም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙ ጥናቶች የሚጠይቁት ያለፉትን 30 ቀናት ነው። በጥር፣ አዝመራው ጎተራ ገብቶ ሠርግ በሠርግ ላይ በሚደራረብበት ጊዜ የተጠየቀ ገበሬና በዐቢይ ጾም መጨረሻ የተጠየቀው ገበሬ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። በክረምት እህሉ ሲያልቅም ጋኑ ባዶ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ባል በሚስቱ ፊት፣ ልጅ በአባቱ ፊት፣ ሴትም በጎረቤቷ ፊት ስለ መጠጥ ስትጠየቅ እውነቱን መናገር ይከብዳታል። በሶዶው ጥናት ከወንዶች ከመቶ 25.8፣ ከሴቶች ከመቶ 2.4 ነበሩ። ልዩነቱ በአብዛኛው እውነተኛ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ሆኖም ጠላና አረቄ ሸጣ ልጆች የምታሳድገው ሴት ለደንበኛ ስትቀምስ እንደምትውል የማያውቅ የለም። ለእርሷ ቅምሻው የሥራዋ አካል ነው። «ትጠጫለሽ?» ሲሏት «አልጠጣም» ብትል ዋሸች ለማለት አይቻልም።

የመልሱን መለዋወጥ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌም አለ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕይወት ዘመናቸው አልኮል ቀምሰን እናውቃለን ያሉት ከሴቶች ከመቶ 45፣ ከወንዶች ከመቶ 53 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሴቶች ወደ 35፣ ከወንዶች ወደ 46 ወረዱ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ያልቀመሰ ሊሆን አይችልም። ወጣቶች በዕድሜ ገብተው ሽማግሌዎች መውጣታቸው ጥቂቱን ያስረዳ ይሆናል። የቀረው ግን ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ አጠያየቁና ስለ አመላለሱ የሚናገር ይመስላል።

አማካዩ የሚደብቀው

እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የተካሄደው ዳሰሳ ባለፉት 30 ቀናት በአንድ ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ መጠጥ የጠጡት ከመቶ 12 ያህል፣ ከወንዶችም ከአምስቱ አንዱ ገደማ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው። ነገር ግን የለካው አጠጣጥን እንጂ ሕመምን አይደለም። አንድ ቀን በሠርግ የሰከረና ዘወትር ጧት እጁ እየተንቀጠቀጠ አረቄ የሚፈልግ ሰው በዚህ ቁጥር ውስጥ እኩል ናቸው።

በተጨማሪም ኢትዮጵያ በመጠጥ ረገድ አንድ ወጥ አገር አይደለችም። በእስልምና ወይም በወንጌላውያን እምነት ምክንያት ጨርሶ የማይጠጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ያለ ጠላ ደቦ አይጠራም፤ ያለ ጠላ ሰንበቴ አይወጣም፤ ተዝካርም አያወጣም። የሁለቱን አማካይ መናገር የማንንም መንደር አይገልጽም።

የቡታጅራው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ ጊዜ እንጠጣለን ያሉት ከመቶ 23 ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከሕዝቡ ሁሉ ከመቶ 3.7 የሆነው ችግር በጠጪዎቹ መካከል ሲሰላ ከመቶ 16 ገደማ ይሆናል። ከስድስት ጠጪዎች አንዱ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር የሰማ ባለሥልጣን ጉዳዩን በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛውን የሰማ ግን ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2019 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 400 ሚሊዮን ሰዎች የመጠጥ ሕመም እንደነበረባቸው፣ ከነዚህም 209 ሚሊዮኑ መጠጥ የተቆራኛቸው መሆናቸውን ገምቷል። የዓለሙ ድምር የሚገነባው ከየአገሩ ከሚገኙ ጥናቶችና ከግምት ነው። የአገሩ ጥናት ጣሳውን ሳይለካ ከቀረ ስሕተቱ ከዓለሙም ድምር ውስጥ ይገባል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ

በሶዶው ጥናት ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት፣ ግን ከ13.9ም ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ሌላ ቁጥር አለ። ነጥባቸው አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል ስለ መጠጥ ችግራቸው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ እርዳታ ፈልገው የሚያውቁት ከመቶ 13ቱ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹም በራሳቸው የሚያፍሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሕመሙ እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ባለጌነት ስለሚቆጠር ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። የሄደም እንደሆነ ስለ ሆዱ ሕመም ወይም ስለ ወደቀበት ቁስል ተናግሮ ይመለሳል።

ይህ ደግሞ አደጋ አለው። ለብዙ ዓመታት በየዕለቱ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት መጠጥ ቢቋረጥበት ሊንዘፈዘፍ፣ አእምሮው ሊታወክ፣ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰብ ለመልካም ብሎ ቤት ዘግቶበት መጠጥ ቢከለክለው ሕይወቱን ለአደጋ ይዳርገዋል። እንዲህ ያለው ሰው በሐኪም ክትትል እንዲተው ማድረግ ይቻላል። ለዚህ ግን በየወረዳው እንዲህ ያሉት ስንት እንደሆኑ ማወቅ ያሻል። ከመቶ 14 የሚለው ቁጥር ይህን አይነግረንም። የሚነግረን በውስጡ ያለው፣ ተለይቶ ያልወጣው አነስተኛ ቁጥር ነው።

ለቀሪዎቹ፣ ማለትም ለጉዳት ተጋልጠው ገና ላልታመሙት፣ ሐኪም ቤት መተኛት አያስፈልጋቸውም። ከሠለጠነ ጤና ባለሙያ ጋር የሚደረግ አጭር ምክር ብዙዎቹን መጠጥ እንደሚያስቀንሳቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ቁጥር መጠቅለል መድኃኒታቸውንም መቀላቀል ነው።

ምን ይደረግ?

ለወደፊቱ የሚደረግ አገር አቀፍ ቆጠራ በመጀመሪያ ከመጠጫው መጀመር ይኖርበታል። ከየአካባቢው የጠላ፣ የጠጅ፣ የአረቄና የቦርዴ ናሙና ተወስዶ ኃይሉ ይለካ። በየቦታው የሚሠራበት ጣሳ፣ ብርሌና መለኪያም በሚሊ ሊትር ይታወቅ። ጠያቂው የመጠጫዎቹን ሥዕል ወይም ራሳቸውን ይዞ ቢሄድና «በዚህኛው ስንት?» ቢል መልሱ ከግምት ይወጣል።

ሁለተኛ፣ በአጭሩ ጥያቄ የተያዙትን፣ ካልተያዙትም በዕጣ ጥቂቶቹን፣ የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቀርቦ ቢያነጋግራቸው ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል፤ ቁጥሩም ይታረማል። ሦስተኛ፣ ጥያቄው ከቤተሰብና ከጎረቤት ጆሮ ርቆ ይቅረብ። ወራቱም በአንድ ወቅት ብቻ አይወሰን። አራተኛ፣ ውጤቱ ሲነገር በወንድና በሴት፣ በሚጠጣና በማይጠጣ፣ በቀላልና በከባድ ተለይቶ ይነገር። አምስተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲደገም በዚያው መመዘኛ ይደገም። አለበለዚያ የቡታጅራና የሶዶ ጉዳይ እንደገና ይመጣል፤ መጠጡ ይጨምር ወይም ይቀንስ፣ ማንም ሊናገር አይችልም።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ነገር ግን በተሳሳተ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወጣው ዕቅድ ይበልጥ ይከፈልበታል። ጠላ የገጠሩ ሕዝብ የደቦው ስንቅ፣ የበዓሉ ድምቀት፣ የብዙ ሴቶችም የዕለት ገቢ እንደሆነ የታወቀ ነው። ማንም ጋኑን ስበሩ አላለም። የሚፈለገው ከጋኑ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል የታመመው ማን እንደሆነ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ከመቶዎቹ 13ቱ ብቻ እርዳታ መፈለጋቸው የቀሩት 87ቱ ደኅና ናቸው ማለት አይደለም። ገና ማንም በትክክል አልጠየቃቸውም፤ ቢጠየቁም መልሳቸው በሌላ አገር ጣሳ ሲሰፈር ቆይቷል።